ሮም ውስጥ ያለ ዕቅድ የዋልሁበት ቀን፤ ያነሣሁት ጥያቄና የተሰጡት ምላሾች

መነሻ ጽሑፍ

ባለፈው ጥቅምት ወር ለሁለት ሳምንት የሙያ ሥልጠና ሮም ነበርሁ። ሥልጠናው አልቆ ሻንጣዬን ካሰናዳሁ በኋላ የመመለሻ በረራዬ በአንድ ቀን መራዘሙ ተነገረኝ። ባልደረቦቼ በሌላ በረራ ቀድመውኝ ስለ ሄዱ፣ ያለ ጓደኛ፣ ያለ አስጎብኚና ያለ አንዳች ቀጠሮ ሙሉ ቀን እጄ ላይ ቀረ። በማግሥቱ ማለዳ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለው ማደሪያዬ ወጥቼ እስኪመሽ ድረስ ስዞር ዋልሁ። ስልኬን ለችግር ጊዜ ብዬ ዘግቼ በቦርሳዬ አኖርሁት፤ ካርታም አልያዝሁም። አዲስ አበባ ስመለስ ይህን የሰማች የሥራ ባልደረባዬ፣ ሮም ድረስ ሄዶ ኮሎሲየም ሳይገቡና የቫቲካንን ሙዚየም ሳያዩ መመለስ በእጅ የገባን ዕድል መጣል ነው ብላ ወቀሰችኝ። ወቀሳዋ ከልቤ አልወጣ ስላለ ጉዳዩን ለእናንተ አቀረብሁት።

ቀኑ እንዲህ ነበር። ከጣቢያው ፊት ያለውን፣ አውቶቡሶች የሚሰለፉበትን ሰፊ አደባባይ አቋርጬ ዛፎች ወዳሉባት ትንሽ የአትክልት ቦታ ገባሁ። እዚያም በድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ፣ የጥንት ግብፅ ጽሕፈት የተቀረጸበት ሐውልት አለ። መሠረቱን ዞሬ ሳይ የማላውቃቸው የጣሊያን ወታደሮች ስሞች በመደዳ ተጽፈዋል፤ ከእነርሱ ጋር ግን የማውቀው አንድ ቃል ነበር፤ ዶጋሊ። የራስ አሉላን ስም እየሰማ ላደገ ሰው ይህ የድል ቃል ነው፤ እዚያ የተቀረጸው ግን የሐዘን ቃል ሆኖ ነው። በአጠገቤ ያሉ መንገደኞች አውቶቡሳቸውን ይጠብቁ ነበር፤ ሐውልቱን ቀና ብሎ የሚያይ አልነበረም። እኔ ስሞቹን አንድ በአንድ እያነበብሁ ለረጅም ጊዜ ቆምሁ።

ከዚያ ቁልቁለቱን ተከትዬ ኮሎሲየም ደረስሁ። የሰልፉን ርዝመት አይቼ በጎኑ አለፍሁና በዛፎች ጥላ ሥር በሚሄደው ሰፊ መንገድ ቀጠልሁ። መንገዱ የሚያበቃው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ከሚገኝበት አደባባይ ነው። በዚያ ጋዜጣ ያነቡ የነበሩ አንድ አዛውንት ከየት እንደ መጣሁ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያዊት መሆኔን ስነግራቸው ጋዜጣቸውን አጥፈው ተነሡ፤ ወደ አንድ ባዶ ቦታ እያመለከቱ የአክሱምን ስም ጠሩልኝ፤ መዳፋቸውንም ወደ ሰማይ ከፍ አድርገው ቁመቱን አሳዩኝ። ከምልክታቸው እንደ ተረዳሁት ልጅ ሳሉ ከሥሩ ይጫወቱ ነበር። እኔ ደግሞ ልጅ ሳለሁ አባቴ ስለዚያ ሐውልት በቁጭት ሲናገር እሰማ ነበር። ሁለታችንም ባዶውን ቦታ እያየን ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን።

ከአደባባዩ አጠገብ ካለው ቺርኮ ማሲሞ ከተባለው የምድር ባቡር ጣቢያ ገብቼ የመሥመሩን የጣቢያዎች ዝርዝር ሳነብ ሊቢያ የሚል ስም አየሁ። ለምን እንደዚያ እንደ ተባለ ለማየት ብቻ ተሳፈርሁ። ወጥቼ በሠፈሩ ስዞር በየማዕዘኑ ባሉት የእብነ በረድ ሰሌዳዎች ላይ ኤርትራ፣ ሶማሊያ፣ ኢትዮጵያ፣ ጣና ሐይቅ፣ ጎንደር የሚሉ ስሞችን አነበብሁ። ዕለቱ ረቡዕ ስለ ነበር ከአንድ ዳቦ ቤት በሚዛን የሚሸጥ፣ አይብ የሌለውና ቲማቲም ብቻ የተቀባ ቀይ ፒዛ ገዝቼ፣ ጎንደር በሚባለው አደባባይ ጥግ ተቀምጬ በላሁ። አንዱን ባለ ሱቅ ጎዳናው ለምን ኢትዮጵያ እንደ ተባለ ብጠይቀው ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሲመሽ በዚያው ባቡር ወደ ተርሚኒ ተመለስሁ።

ዕቅድ አውጥቼ ቢሆን ኖሮ ከእነዚህ አንዱንም አላይም ነበር ብዬ አምናለሁ። ጥያቄዬም ይህ ነው፤ በባዕድ ከተማ ብቻን፣ እግር ወደ መራ መዋል ቀን ማባከን ነውን? ወይስ ከተማን የማወቅ አንዱ መንገድ ነው?

ምላሾቹ

ከዚህ በኋላ የመጡት ምላሾች ብዙ ስለ ሆኑ፣ ዘግይቶ ለሚደርስ አንባቢ እንዲመች በተራ ቁጥራቸው በራሴ አገላለጽ ጽፌአቸዋለሁ። አሳጥሬ ያለፍኋቸው አሉ፤ ሐሳባቸውን ግን እንዳላዛባ ተጠንቅቄአለሁ።

ምላሽ 1። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ከምስጋና ጋር የጻፉት፣ ለሠላሳ ዓመት ተማሪዎቻቸውን የከተሞችን ካርታ ሲያስጠኑ ቢኖሩም የትኛውንም ከተማ በእውነት ያወቁት በውስጡ ሲጠፉ ብቻ መሆኑን ነው። በወጣትነታቸው ካይሮ ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ መንገድ ጠፍቷቸው ሲዞሩ የቆዩበትን ሠፈር እስከ ዛሬ ዓይናቸውን ጨፍነው ሊሥሉት እንደሚችሉ ጨመሩ። መልሳቸው አጭርና የማያወላውል ነበር፤ ቀኔ አልባከነም።

ምላሽ 2። በጉዞ ወኪልነት የሚሠራ ሰው ከመምህሩ ጋር በአክብሮት ሳይስማማ ቀረ። እንደ እርሱ አባባል ከአዲስ አበባ ሮም ለመድረስ የሚወጣው ገንዘብና ለቪዛ የሚከፈለው ድካም ቀላል ስላልሆነ፣ አንዲት ቀን እንኳ በአጋጣሚ እጅ ልትተው አይገባም። የኮሎሲየም ትኬት ሰዓቱ ተወስኖ በስም የሚሸጥ፣ የቦርጌዜ ጋለሪም ያለ ቀጠሮ የማያስገባና ለእያንዳንዱ ጎብኚ ሁለት ሰዓት ብቻ የሚሰጥ መሆኑን፣ የቫቲካን ሙዚየሞች ደግሞ ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በቀር እሑድ እሑድ ዝግ መሆናቸውን ዘረዘረ። ይህን ሳያውቅ የሚሄድ ሰው በር ላይ ቆሞ ይመለሳል፤ ከዚያም የተመለሰበትን ምክንያት ነጻነት ብሎ ይጠራዋል አለ። ይህችኛዋ የመጨረሻ ሐረግ ትንሽ ወጋችኝ።

ምላሽ 3 የታሪክ እርማት ነው፤ በትሕትና የተጻፈ። ያየሁት ሐውልት ለዶጋሊ ሟቾች ተብሎ የተጠረበ አይደለም፤ የግብፁ ንጉሥ የዳግማዊ ራምሴስ ነው። ሮማውያን በጥንት ዘመን ከግብፅ ያመጡትና እ.ኤ.አ. በ1883 ከምድር ውስጥ ተቆፍሮ የወጣ ሲሆን፣ በጥር 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ አምስት መቶ ያህሉን የጣሊያን ጦር ሲደመስሱ ለሟቾቹ መታሰቢያ ተደርጎ በዚያው ዓመት ከባቡር ጣቢያው ፊት ቆመ። ወደ አሁኑ ቦታው የተዛወረው በ1920ዎቹ ነው። እኔ ያቋረጥሁት ትልቁ አደባባይም እስከ ዛሬ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ እንደሚባልና ስሙ ከእነዚሁ ሟቾች እንደ መጣ ነገረን። ያን አደባባይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ተመላልሼበታለሁ፤ የስሙን ትርጉም ግን አላወቅሁም ነበር።

ምላሽ 4፣ 5 እና 6። አራተኛው መላሽ የዶጋሊን ሐውልት ስም ሲያይ የዘርዓይ ደረስን ታሪክ አነሣ። ጣሊያኖች ከአዲስ አበባ ዘርፈው በዚያ ሐውልት ሥር ያስቀመጡትን የይሁዳ አንበሳ ሲያይ ዘርዓይ እንደ ተንበረከከ፣ ሰይፉንም መዝዞ ብዙ ፋሽስቶችን ገድሎ እዚያው በጥይት እንደ ወደቀ ከአባቱ የሰማውን በሙሉ ስሜት ተረከ። አምስተኛው መላሽ ግን ታሪኩን አልተቀበለም። ዘርዓይ እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 1938 በሐውልቱ ፊት ሰይፍ መምዘዙና ሰዎችን ማቁሰሉ እውነት ቢሆንም በዕለቱ አልሞተም፤ ተይዞ የአእምሮ ሕሙማን በሚቆዩበት ተቋም ተዘጋበት፤ በ1945ም ሲሲሊ ውስጥ በዚያው እንዳለ አረፈ። አምስተኛው መላሽ በዚህ ሳያቆም፣ እንዲህ ያለውን ነገር ሳያጣሩ መጻፍ ትውልድን ማሳሳት ነው ብሎ በቁጣ ጨመረ። አራተኛው ተቆጥቶ ተመለሰ፤ አባቶቹ ሐሰተኞች እንዳልነበሩና የጀግናን ታሪክ በሰነድ ስም ማኮሰስ የጠላት ሥራ መሆኑን ጻፈ።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። እውነተኛው ታሪክ የዘርዓይን ክብር አንዲት ነጥብ አይቀንስበትም፤ እንዲያውም ለእኔ የከበደኝ እርሱ ነው። በአንድ አፍታ የወደቀ ሰውና ከአገሩ ርቆ፣ እብድ ተብሎ፣ ሰባት ዓመት ተዘግቶበት የሞተ ሰው መከራቸው አንድ አይደለም። አንበሳውም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደ አገሩ ተመልሶ ዛሬ ለገሃር፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ቆሞአል። ያንን አንበሳ በየቀኑ በታክሲ መስኮት እያየሁት አልፋለሁ፤ ሮም ተርሚኒ ፊት ቆሜ ሳለሁ ግን እርሱም አንድ ጊዜ እዚያ እንደ ነበር አላሰብሁም።

ምላሽ 7። ከሁሉ ይልቅ ወደ ልቤ የገባው ምላሽ ይህ ነው። የጻፉት ሮም ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የኖሩ፣ አዛውንቶችን በየቤታቸው እያደሩ የሚንከባከቡ እናት ናቸው። በዚያ አገር አሠሪ ቤት እያደረ የሚሠራ ሰው በልማድ ዕረፍቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ መሆኑን አስረዱ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቋንቋውን ሳያውቁ፣ የሚሄዱበት ዘመድ ሳይኖራቸው፣ ሐሙስ ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ በሩን ዘግተው ሲወጡ የሚያደርጉት ነገር ቢኖር መዞር ብቻ ነበር። ገንዘብ እንዳያባክኑ አውቶቡስ አይሳፈሩም፤ ካፌ ገብተው አይቀመጡም፤ ውኃ ሲጠማቸው ሮማውያን ናዞኔ ማለትም ትልቅ አፍንጫ ከሚሏቸው፣ በየመንገዱ ሌት ተቀን ከሚፈሱት የብረት ቧንቧዎች ይጠጣሉ። መጨረሻቸው ሁልጊዜ ተርሚኒ ነበር፤ ምክንያቱም በዚያ አካባቢ ሐሙስ ማታ የአገር ሰው አይታጣም፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶችም በዙሪያው አሉ። ለጥያቄዬ የሰጡት መልስ ቀኑ ባከነ ወይም አልባከነም የሚል አልነበረም። በሳምንት ውስጥ ማንም ሳያዝዛቸው የሚራመዱባቸው ሰዓታት እነዚያ ብቻ እንደ ነበሩ፣ ስለዚህም ዕቅድ የሌለበትን መንገድ እንደ ንብረታቸው ይቈጥሩት እንደ ነበር ጻፉ። ይህን ሳነብ እኔ አንድ ቀን ያገኘሁትን ነገር እርሳቸው ስንት ሐሙስ ተጠቅመው እንዳቆዩት አሰብሁ።

ምላሽ 8 ርእሱን ወደ ሌላ ወሰደው፤ ባይወስደው ደስ ባለኝ ነበር ግን አልልም። አዳማ ውስጥ ጋራዥ ያለው ሰው ነው። ወንድሙን ለመጠየቅ ጣሊያን በሄደ ጊዜ አንድ ጣሊያንኛ ቃል ሳያውቅ የጎማ ጥገና ቤቱን ሰሌዳ ጎሚስታ፣ የመኪና እጥበቱን ላቫጆ ብሎ ማንበቡን፣ ጋራዥ ገብቶም ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ እያለ ከመካኒኩ ጋር ግማሽ ሰዓት መጫወቱን ተረከ። እርሱም ያለ ዕቅድ ሲሄድ ነው ያንን ጋራዥ ያገኘው።

ምላሽ 9። ሚላኖ የሚኖር አስተርጓሚ ለጋራዡ ባለቤት መለሰለት። ቃላት የተጓዙት ወደ እኛ ብቻ አይደለም። ጣሊያኖች ትርምስ ለማለት አምባራዳን ይላሉ፤ ቃሉ የመጣው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1936 ከተደረገው የአምባ አራዶም ጦርነት ነው። በዚያ ዘመቻ ሕዝባችን በመርዝ ጋዝ ተቃጥሏል፤ ዛሬ ግን አንድ ጣሊያናዊ እናት የልጇን የተዝረከረከ ክፍል አይታ ያንኑ ስም ትጠራለች፤ አብዛኞቹም ከየት እንደ መጣ አያውቁም። በሮም በዚሁ አምባ የተሰየመ ጎዳናም አለ። እኔ ስላየሁት ሠፈርም አስረዳን፤ ያ አካባቢ የአፍሪካ ሠፈር እየተባለ የሚጠራና መንገዶቹ በቅኝ ግዛቶች ስም የተሰየሙ ሲሆን፣ የእኛ አገር ቦታዎች ስም በብዛት የገባው ከወረራው ጋር ነው። ስለዚህ ጎንደር አደባባይ ላይ ተቀምጦ ደስ መሰኘት እንደማይገባ፣ ስሙ የወዳጅነት ሳይሆን የይዞታ ምልክት ሆኖ እንደ ተለጠፈ አሳሰበኝ። ደስ መሰኘቴን አልጻፍሁም ነበር፤ ቢሆንም እውነቱን ነው፤ ፒዛዬን ስበላ የአገሬን ስም በማየቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ምላሽ 10 ስለ ማኪያቶ ነው። ሮም ውስጥ ባንኮኒው ላይ ቆመው ሲጠጡና ተቀምጠው ሲያዙ ዋጋው እንደሚለያይ፣ በብዙ ቤትም መጀመሪያ ገንዘብ ተቀባይ ዘንድ ከፍሎ ደረሰኙን ይዞ ማዘዝ እንደሚያስፈልግ ይናገራል። የእኛ ማኪያቶ ይበልጣል የሚሉ ሦስት አጫጭር ምላሾች ተከተሉት፤ 11፣ 12 እና 13 እነርሱ ናቸው። ስለ እነርሱ የምጨምረው የለኝም።

ምላሽ 14 ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ጸሐፊው ስለ ራሱ ብዙ አልገለጠም፤ ሮም ውስጥ ስደተኛ ሆኖ መኖሩን ብቻ ተናግሯል። እኛ የምናወራው ስለ መዞር ነው፤ ለመዞር ግን ወረቀት ያስፈልጋል ሲል ጀመረ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በአውሮፓ አየር ማረፊያ አውሮፕላን ለመለወጥ እንኳ የመሸጋገሪያ ቪዛ እንደሚጠየቅ፣ ያለ ሸንገን ቪዛም ከአየር ማረፊያው በር እንደማይወጣ አስታወሰ። ከዚያም እኔ ያደርሁበት ሠፈር አጠገብ ያለውን የነጻነት አደባባይ ጠራ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 እዚያ ከነበረ ሕንፃ የተባረሩ፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን የሆኑ ስደተኞች አደባባዩ ላይ ሲያድሩ ፖሊስ በውኃ መድፍ በትኗቸዋል። ብዙዎቹ የስደተኝነት ዕውቅና ያላቸው ነበሩ። ያለ ዕቅድ በሮም መንገዶች መዋልና ማደር ለእነዚያ ሰዎች ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ፣ ስለ ነጻነት መጻፍ የምቾት ጨዋታ ነው ብሎ ጨረሰ።

ምላሽ 15 ፖለቲካ ወደዚህ አይግባ የሚል ነበር፤ ድምፁም ሻካራ። ምላሽ 16 የእኔ ነው። አሥራ አራተኛውን ጸሐፊ ፖለቲካ አመጣህ ልለው አልቻልሁም፤ ምክንያቱም ያነሣው ነገር የጥያቄዬ እምብርት ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ቪዛ ያለበት ፓስፖርት፣ ለማግሥቱ የተቆረጠ ትኬትና የማደሪያ ቁልፍ ባይኖሩ ኖሮ ስልኬን ዘግቼ ለመጥፋት አልደፍርም ነበር። ሳላስበው ያለፍሁት ዕቅድ ይህ ነበር፤ ሌሎች አስቀድመው ያሰናዱልኝ። ይህን ጻፍሁለት፤ አንድን ነገር ግን አልተውሁም። እርሱ የጠራውን አደባባይ ከሐውልቱ ጋር አያይዤ ለማወቅ የበቃሁት በእግሬ ስለ ዞርሁና ስለ ጠየቅሁ ነው። ሙዚየም ገብቼ ብመለስ ኖሮ ስለ ዶጋሊም አልጽፍም፤ እርሱም ስለ ነጻነት አደባባይ አይነግረኝም ነበር። ከዚያ በኋላ አልመለሰልኝም፤ ምላሼን ማንበቡን ግን ተስፋ አደርጋለሁ።

ምላሽ 17 የአክሱም ልጅ ነው። መጀመሪያ ለማያውቁት ታሪኩን በአጭሩ አስቀመጠ። ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ 160 ቶን ያህል የሆነው ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ፣ ያን ጊዜ የቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ይሆናል ተብሎ በታሰበው ሕንፃ ፊት ቆመ፤ ጣሊያን በ1947ቱ የሰላም ውል የዘረፈችውን ለመመለስ ብትስማማም እስከ 2003 ድረስ ከቦታው አልተነሣም። በ2002 መብረቅ መትቶት ነበር። በሚያዝያ 2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በግዙፍ የጭነት አውሮፕላን ወደ አክሱም ተመለሰ፤ በመስከረም 2008 ተተክሎ ተመረቀ። ከዚህ በኋላ የጻፈው የራሱ ነው። የመጀመሪያው ቁራጭ በመጣ ዕለት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፤ ከጓደኞቹ ጋር ወደ አየር ማረፊያው መንገድ ወጥቶ ሕዝቡ ሲያለቅስና እልል ሲል አይቷል። ሐውልቱን ግን ያን ጊዜ አላየውም፤ ያየው የተሸፈነ ጭነት ብቻ ነው። አያቱ ሐውልቱ ከመወሰዱ በፊት ወድቆ የተኛበትን ቦታ ያስታውሱ ነበርና፣ ልጅ ሳለ እዚያ ወስደው ባዶውን ምድር ያሳዩት ነበር። እኔ ሮም ውስጥ ከአንድ አዛውንት ጋር ባዶ ቦታ እያየሁ መቆሜን ሲያነብ፣ እርሱም ከአያቱ ጋር እንደዚያው መቆሙን አስታወሰ። በሮም አሁን በቦታው አቅራቢያ የቆሙት ሁለት ዓምዶች እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 በአሜሪካ ለሞቱት መታሰቢያ እንደ ሆኑም ነገረኝ፤ እኔ ፍርስራሽ መስለውኝ አልፌአቸው ነበር።

ምላሽ 18። አንድ ዲያቆን በትሕትና ግን በጠንካራ ማስረጃ ተከራከረኝ። ሮም ውስጥ ለኢትዮጵያዊ ከሁሉ የሚበልጠው ስፍራ በእግር ሲዞሩ የማይገኝ ነው አለ። በቫቲካን ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በ15ኛው መቶ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተሰጥቶ ነበር። በእነዚያ መነኮሳት እገዛ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ፊደል ሮም ላይ ታተመ፤ በማተሚያ ከወጡት የግዕዝ መጻሕፍት የመጀመሪያው እርሱ ነው። በ1548 እና በ1549 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን አዲስ ኪዳን እዚያው አሳተሙ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ለመድረስ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ያለ ዕቅድ የዋለ ሰው ግንቡን በውጭ ዞሮ ይመለሳል። ለዚህ መልስ የለኝም። በዚህ ውይይት ውስጥ ዕቅድን በመደገፍ ከቀረቡት ሁሉ ያሸነፈኝ ይህ ነው፤ ዳግመኛ የመሄድ ዕድል ባገኝ ደብዳቤውን ከአዲስ አበባ ሳልነሣ እጽፋለሁ።

ምላሽ 19 እና 20 ሴት ልጅ ብቻዋን ስትዞር ስለሚገጥማት ሥጋት ናቸው። አንደኛዋ ጸሐፊ ፈርቼ እንደ ነበር ጠየቀችኝ፤ ሁለተኛዋ ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ በኪስ አውላቂዎች የታወቀ በመሆኑ ቦርሳን ወደ ፊት መያዝ እንደሚያስፈልግ መከረች። ለጥያቄዋ በቅንነት ልመልስ። ጠዋት ላይ ፈርቼ ነበር፤ የፈራሁት ግን ሌባ ሳይሆን ዝምታ ነው። ከቤተሰብና ከጓደኛ መካከል ወጥቼ ሙሉ ቀን ከማንም ጋር ሳልነጋገር ውዬ አላውቅም። ብቻውን የሚበላ ሰው በሚታዘንለት ባህል አድጌአለሁና፣ ጎንደር አደባባይ ላይ ፒዛዬን ስቆርስ የማጎርሰው ሰው ዓይኔ ፈልጎ ነበር።

ምላሽ 21። የጉዞ ወኪሉ ተመለሰ። የሰባተኛዋን እናትና የአክሱሙን ልጅ ጽሑፍ ካነበበ በኋላ በሁለተኛው ምላሹ የተጠቀመባት ሐረግ ሻካራ እንደ ነበረች አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። አቋሙን ግን አልለወጠም፤ የሚመክረው ጠዋትን ለተያዘ ቀጠሮ፣ ከሰዓትን ለእግር መተው ነው። ይቅርታውን በደስታ ተቀብያለሁ።

ምላሽ 22። በሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት ሮም የምትደርስ፣ ማታ በባቡር ወደ ቦሎኛ የምትቀጥል ተማሪ ጻፈች። የተማሪ ቪዛ አላት፤ ከአገር ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው፤ በመካከል ሰባት ሰዓት ያህል ይተርፋታል። ምን እንድታደርግ ጠየቀችን።

ምላሽ 23 የእኔ ነው። ከፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ሁለት ዓይነት ባቡር ስላለ እንድትጠነቀቅ ነገርኋት፤ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ሳያቆም በ32 ደቂቃ ተርሚኒ ይደርሳል፤ ርካሹ ግን በትራስቴቬሬና በኦስቲየንሴ በኩል አልፎ ይሄዳልና ተርሚኒ አይገባም። ሻንጣዋን በጣቢያው የዕቃ ማስቀመጫ አስቀምጣ፣ በቁልቁለቱ ወደ ኮሎሲየም፣ ከዚያም እስከ ባዶው ቦታ እንድትሄድ፤ ወደ ጎንደር አደባባይ መድረስ ከፈለገች የምድር ባቡሩ ቢ መሥመር ቦሎኛ በሚባለው ጣቢያ ሁለት ስለሚከፈል፣ ዮኒዮ የሚል የተጻፈበትን እንድትሳፈር ጻፍሁላት። እኔ ትክክለኛውን የተሳፈርሁት በአጋጣሚ እንደ ነበር ያወቅሁት ከተመለስሁ በኋላ ነው።

ምላሽ 24 የሰባተኛዋ እናት ናቸው። ዕለቱ ሐሙስ በመሆኑ ከስምንት ሰዓት በኋላ ነጻ እንደሚሆኑ፣ ልጅቷ ብቻዋን መዞር ከፈለገች እንደማያስቸግሯት፣ ነገር ግን ባቡሯ ከመነሣቱ በፊት የአገር ምግብ ሳትበላ እንዳትሄድ ለመኑ። አሥር ሰዓት ላይ በዶጋሊ ሐውልት ሥር ይጠብቋታል።

ምላሽ 25። ተማሪዋ እስከ አሥር ሰዓት ብቻዋን እንደምትዞርና ከዚያ እንደምትመጣ አረጋግጣ፣ ሐውልቱ ከጣቢያው በየትኛው በር ሲወጡ እንደሚቀርብ ጠይቃለች። እናትየው እስካሁን አልመለሱም፤ ምናልባት ሥራ ላይ ናቸው።